የመንግሥተ ሰማያት ተስፋና የገበሬው የዕለት ኑሮ

በአገራችን ሽማግሌዎች ዘንድ ልጅ አባቱን ሲሰድብ ወይም ዝናብ ያለ ወራቱ ሲጥል «ስምንተኛው ሺህ ገባ» ማለት የተለመደ ነው። ይህን የሚለው ሰው ግን ተናግሮ ሲያበቃ እርፉን ጨብጦ ወደ እርሻው ይሄዳል እንጂ የዓለምን ፍጻሜ ለመጠበቅ ተራራ ላይ አይወጣም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይኸው ነገር ነው። የዓለም መጨረሻ ቀርቧል፤ የክርስቶስ መንግሥት ትመጣለች ብሎ በእውነት የሚያምን ሕዝብ እንዴት አድርጎ ነው በየዓመቱ ጎተራውን የሚሞላው? ተስፋው ኑሮውን ካልለወጠው ተስፋ መባሉ ስለ ምንድን ነው? ከለወጠውስ የለወጠው የት ላይ ነው?

በሌላ አገር ታሪክ የተለየ ነገር እናነባለን። በሐዋርያት ዘመን በተሰሎንቄ ከነበሩት ምእመናን አንዳንዶቹ ሥራ ፈትተው በሰው ነገር እየገቡ ይዞሩ ስለ ነበር፣ የጌታ ቀን ደርሷል የሚል ወሬም ከተማውን አውኮት ስለ ነበር፣ ቅዱስ ጳውሎስ ገሥጾ በየእጃቸው ድካም እንዲተዳደሩ ጽፎላቸዋል። በአሜሪካም ዊሊያም ሚለር የተባለ ገበሬ ከመጽሐፈ ዳንኤል ዘመን ቆጥሮ ክርስቶስ የሚመጣበትን ጊዜ አገኘሁ ብሎ ሰበከ። ተከታዮቹም በመጨረሻ ኦክቶበር 22 ቀን 1844 እ.ኤ.አ. ነው ብለው ቈርጠው ሲጠብቁ፣ ከመካከላቸው የደረሰ ሰብላቸውን ሳያነሡ የቀሩ ነበሩ። ቀኑም እንደ ማንኛውም ቀን መሽቶ ነጋ።

እንዲህ ያለውን ያነበበ ሰው፣ ተስፋው ከልብ ከተያዘ ሥራን ያስጥላል፤ ሥራን ካላስጣለ ግን ከአፍ ያላለፈ ነው ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። እኛ ግን የአማርኛ ተናጋሪውን የደጋ ገበሬ ታሪክ ስንመረምር ያገኘነው ከሁለቱም የተለየ ነው። ተስፋው በአንድ ቀን ላይ አልተሰቀለም። እንደ ድፎ ዳቦ ተቈርሶ በወሩ ቀኖች ላይ፣ በማድጋው፣ በጽዋውና ለማኝ በሚቆምበት ደጃፍ ላይ ተከፋፍሏል። አሳባችን ይኸው ሲሆን፣ የሚቀጥለው ይህን ለማስረዳት የቀረበ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። እኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን የፈጸምነው በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያም መንግሥተ ሰማያት በጸጋ የምትሰጥ እንጂ በዳቦና በጠላ የምትገዛ አይደለችም፤ ዝክርና ተዝካርም የድኻውን ሀብት ማጥፊያ ናቸው የሚል ትምህርት ሰምተን፣ አምነንም ወጣን። በዚህ ጽሑፍ የሃይማኖት ክርክር ልናነሣ አንፈልግም፤ እርሱ ለሊቃውንት ይቆይ። ነገር ግን ፍርዳችንን አስቀድመን ይዘን እንደ ጀመርን መደበቅ ለታሪክ ተማሪ አይገባም።

ከዘመኑ ቁጥር እንጀምር። በባሕረ ሐሳብ እንደሚቈጠረው ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው። እግዚአብሔር በስድስት ቀን ፈጥሮ በሰባተኛው እንዳረፈ፣ ዓለምም ሰባት ሺህ ዓመት ቆይታ ታልፋለች የሚል አሳብ በምሥራቅ ክርስቲያኖች ዘንድ በሰፊው ተሰራጭቶ ነበር። መስኮባውያን በእነርሱ ቁጥር ሰባተኛው ሺህ እ.ኤ.አ. በ1492 ስለሚሞላ፣ ከዚያ ወዲያ ላለው ዘመን የፋሲካን ሠንጠረዥ አስቀድመው አላዘጋጁም ነበር። በእኛ አቈጣጠር የሞላው ግን በ1500 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ናዖድ «ስምንተኛውን ሺህ አታሳየኝ» ብለው ይጸልዩ ነበር እየተባለ በአፈ ታሪክ ይነገራል፤ ያረፉትም በዚያው በ1500 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሃያ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1521 ዓ.ም.፣ ሽምብራ ኩሬ ላይ የልጃቸው የዐፄ ልብነ ድንግል ጦር በኢማም አሕመድ ድል ሆነ፤ ተከትሎም ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ዓለም በእርግጥ አለፈች ቢል የሚፈረድበት አይደለም።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ አልቆመም። ሰባት ሺህ ሞልቶ ዓለም ሳታልፍ ስትቀር፣ ስምንተኛው ሺህ ትርፍ ዘመን፣ የምሕረት ዘመን ሆኖ ተቆጠረ እንጂ ሊቃውንቱ ባሕረ ሐሳቡን አልጣሉትም። በ2000 ዓ.ም. ሁላችን አዲሱን ሺህ ዓመት ስናከብር በቤተ ክርስቲያን የታወጀው ዓመተ ዓለም 7500 ነበር። ይህ ቁጥር ለምን እንደሚያገለግል ማስተዋል ይገባል። ካህኑ ዓመተ ዓለሙን ለአራት አካፍሎ ወንጌላዊውን ያገኛል፤ ከዚያም አበቅቴና መጥቅዑን አውጥቶ ጾመ ነነዌ መቼ እንደሚገባ፣ ዐቢይ ጾምና ፋሲካ መቼ እንደሚውሉ ይናገራል። ገበሬው ዘሩንም ከብቱንም ሠርጉንም ከዚህ ጋር ያስማማል። በሌላ አገር የዓለምን ፍጻሜ ለመያዝ የተዘረጋው ቁጥር በእኛ አገር ቅቤ የሚበላበትንና የማይበላበትን ቀን መለያ ሆነ። ምእመናን የሚጾሟቸው ቀኖች በዓመት ወደ 180 ይደርሳሉና ይህ እንዲሁ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። የዓመቱ እኩሌታ የሚጠጋው በዚያ ቁጥር እየተመራ በምድጃው ላይ ያልፋል።

ተስፋው ወደ ቀኖቹ የወረደበትን ጊዜ ለመፈለግ ስንነሣ ዓይናችን የሚያርፈው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1426–1460 ዓ.ም.) ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሰንበትን በሚመለከት ረዥም ክርክር ነበረ። አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው እሑድ ብቻ ሳይሆን ቀዳሚት ሰንበትም ልትከበር ይገባል በማለታቸው ተሰደዱ፤ እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1352 በአርመን አገር ዐረፉ። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1450፣ በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱ ግብፃውያን ጳጳሳት ሚካኤልና ገብርኤል ባሉበት የሁለቱ ሰንበታት መከበር ጸና። ሰንበት በሊቃውንቱ ትርጓሜ የምትመጣዋ ዕረፍት ምሳሌ ናት። በገበሬው ቤት ግን ምሳሌነቷ የሚታወቀው በሬው ቀንበር ሳይጫንበት ሲውል፣ ወፍጮውም ዝም ሲል ነው። ወፍጮ ስንል በእጅ የምትፈጨውን ሴት ማለታችን ነው፤ ከቤቱ ሰዎች ሁሉ ዕረፍትን የምትናፍቀው እርሷ ሳትሆን አትቀርም። በኦሪቱ ትእዛዝ ባሪያውም ገረዲቱም ከብቱም ያርፋሉና፣ የመንግሥተ ሰማያት ዕረፍት ለአገልጋዩ በሳምንት ሁለት ቀን ተቀድማ ትሰጠው ነበር ማለት ነው። ጌታው ሁልጊዜ ይፈጽመው ነበር ልንል አንችልም፤ ባይፈጽም ግን አገልጋዩ የሚጠቅሰው ሕግ ነበረው።

በዚያው ዘመን የተስፋው ሌላ ፊት መታየቱንም አንርሳ። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ስግደት ለሰማያዊው ንጉሥ ብቻ ነው በማለት ለምድራዊው ንጉሥ አንሰግድም አሉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ብርቱ ቅጣት ቀጧቸው። የሚገርመው በእጃቸው ሥራ መኖርን የሕይወታቸው ደንብ ያደረጉ ሰዎች መሆናቸው ነው። የሚመጣውን መንግሥት አጥብቆ መያዝ እነርሱን ከእርሻ አላስወጣቸውም፤ ከንጉሡ ፊት እንዳይጎነበሱ ግን አደረጋቸው።

የዘርዐ ያዕቆብ ትልቁ ሥራ ግን ለእኛ ጉዳይ ተአምረ ማርያም ነው። መጽሐፉ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በአባታቸው በዐፄ ዳዊት ዘመን ሲሆን፣ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብና ሠላሳ ሦስቱ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ ያዘዙት እርሳቸው ናቸው። ከዚህም ጋር የኪዳን ትምህርት በሕዝቡ ዘንድ ሥር ሰደደ። ኪዳን ማለት በአጭሩ ለእመቤታችን ወይም ለአንድ ጻድቅ የተገባ ቃል ኪዳን ነው። ገድሎቹን ያነበበ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በጻድቁ ዕረፍት ጊዜ ጌታ ተገልጾ በስምህ የተራበ ያበላውን፣ የተጠማ ያጠጣውን፣ የታረዘ ያለበሰውን፣ ገድልህን የጻፈውንና ያጻፈውን፣ ቤተ ክርስቲያንህን የሠራውን እስከ ይህን ያህል ትውልድ እምርልሃለሁ ይለዋል። ይህን ዝርዝር አስተውለን ስናየው ከሥራ የሚያስወጣ ነገር አንድም የለበትም። ሁሉም እህል፣ ውሃ፣ ልብስ፣ ብራና፣ ድንጋይና እንጨት ነው። መንግሥተ ሰማያት የምትገኝበት መንገድ በገበሬው ቤት ባለው ዕቃ ተነገረ።

የበላዔ ሰብእ ታሪክ ይህን ከሁሉ አጉልቶ ያሳያል። የቅምር ሰው የነበረው ይህ በላዔ ሰብእ ቤተ ሰቦቹን ሳይቀር ሰባ ስምንት ሰው የበላ ነው። አንድ ቀን ቁስለኛ ድኻ ውሃ ለመነው፤ በእግዚአብሔርም በጻድቃንም ስም ቢለምነው እንቢ አለ፤ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ጥቂት ውሃ ሰጠው። በሞተም ጊዜ ነፍሳቱ በአንዱ ወገን፣ ያች ጥርኝ ውሃ በሌላው ወገን ተመዘኑ፤ በእመቤታችን ምልጃ ውሃዋ ደፋች። ይህ ሥዕል በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ይገኛል። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን ይህ ታሪክ ኃጢአትን የሚያቃልል ነው ተብሎ ሲነቀፍ ሰምተናል፤ ነቀፌታውም ከንቱ አይደለም። ሰባ ስምንት ሰው በልቶ በጥርኝ ውሃ መዳን ለሟቾቹ ዘመዶች ምን ይባላቸዋል? ነገር ግን ታሪኩን የሚሰማው ገበሬ ሰው በላ አይደለም። እርሱ ከታሪኩ የሚወስደው ሰው መብላት እንደሚቻል ሳይሆን ውሃ የለመነውን መመለስ እንደማይቻል ነው።

ለዚህም ማስረጃ የሚሆኑን የቆሎ ተማሪዎች ናቸው። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከአገሩ ርቆ ዜማ ወይም ቅኔ የሚማር ልጅ ማንም ቀለብ አይሰፍርለትም ነበር። በየደጃፉ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ውሻው ይጮኻል፤ እመቤቲቱ ቁራሽ ይዛ ትወጣለች። ይህ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል። የጎጃምና የጎንደር የቅኔና የትርጓሜ ቤቶች የአገሪቱን ሊቃውንትና ጸሓፊዎች ያፈሩት ከሁሉ በላይ በዚህ ቁራሽ ነው። ጉልትና ሲሳይ ያላቸው ታላላቅ አድባራት መኖራቸው አይካድም፤ ተማሪው ግን የሚያድረው በቁራሹ ነበር። አንድ ሙሉ የትምህርት ሥርዓት ያለ በጀት፣ በበላዔ ሰብእ ጥርኝ ውሃ ተስፋ ተዳደረ ብንል ከእውነት አንርቅም። እኛ ዛሬ በምግብ ቤት ሰልፍ ላይ ስናጉረመርም ይህን ብናስብ መልካም ነው።

አሁን ደግሞ ተስፋው ስምና ቀን ይዞ ወደ መጣበት ጊዜ እንሻገር። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው መጽሐፍ ጌታ ስለ ኋለኛው ዘመን ለደቀ መዛሙርቱ የነገራቸው ነው ተብሎ የተጻፈ ሲሆን፣ ከመከራና ከግፍ ዘመን በኋላ ከምሥራቅ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ አርባ ዓመት በሰላም እንደሚገዛ ይናገራል። በዘመነ መሳፍንት መኳንንቱ እርስ በርስ ሲዋጉ እህሉን የሚበላበት፣ በሬውን የሚያርድበት ገበሬ ይህን ስም ምን ያህል ይጠብቀው እንደ ነበር ለመገመት አያስቸግርም። የቋራው ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ሲቀቡ ከስሞች ሁሉ መርጠው ቴዎድሮስ የተባሉት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ የሚጠበቀው ንጉሥ መጣ ሲባል ምን ታዘዘ? በዓል አልታወጀም፤ ሥራ ታወጀ። ገበሬው ይረስ፣ ነጋዴው ይነግድ፣ ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ ተባለ። በጊዜው ታሪክ እንደ ተጻፈው፣ መሣሪያቸውን የታጠቁ ሽፍቶች ቀርበው የአባታችን ሥራ ሽፍትነት ነውና በዐዋጁ መሠረት ይፈቀድልን ቢሏቸው፣ ንጉሡ በሬና ሞፈር ልስጣችሁ፣ እረሱ አሏቸው፤ እንቢ ባሉም ጊዜ በጦር አጠፏቸው። ንጉሡ ራሳቸው ከእቴጌ ተዋበች ጋር በቁርባን ተጋብተው፣ ጭፍሮቻቸውም እንዲሁ በአንዲት ሚስት እንዲጸኑ አዘዙ። በኋላም ለመድፍ የሚሆን መንገድ ሲሠራ ከሠራተኛው ጋር በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበረ በዓይናቸው ያዩ አውሮፓውያን መስክረዋል። በዚህ መልኩ ተስፋው ከጉልበት ጋር ተጋጥሞ የሕዝቡን ኑሮ በአንድ ጊዜ ሊያቀና ሞከረ።

መጨረሻው የታወቀ ነው። ሠራዊቱ የሚበላው ከገበሬው ስለ ነበር፣ የአመፁም ቅጣት በገበሬው ላይ ስለ ወረደ፣ የሰላሙ ንጉሥ የሚዘርፍ ንጉሥ ሆኖ ተገኘ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ንጉሡ ራሳቸውን ሲሠዉ የተነገረው አርባ ዓመት ዐሥራ ሦስት ብቻ ሞልቶ ነበር። የሚገርመን ከዚያ ወዲያ የሆነው ነው። ፍካሬ ኢየሱስ አልተቃጠለም፤ ያ ቴዎድሮስ ሌላ ነው፣ ገና ይመጣል ተብሎ ተስፋው ቀጠለ። በዚያው ወር በ12 ደግሞ፣ ጦርነቱ ባልደረሰበት መንደር ሁሉ፣ የሚካኤል ማኅበር ተጠጣ። ይህን የምንለው በመዝገብ አይተን አይደለም፤ ነገር ግን ማኅበር ንጉሥ በሞተ ቁጥር የሚቀር ቢሆን ኖሮ እስከ እኛ ባልደረሰ ነበር።

የጽዋ ማኅበርን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንግለጽ። ማኅበርተኞች ብዙውን ጊዜ ዐሥራ ሁለት ያህል ሆነው በአንድ ቅዱስ ስም ይሰበሰባሉ፤ በ12 የሚካኤል፣ በ16 የኪዳነ ምሕረት፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔ ዓለም፣ በ29 የበዓለ ወልድ ይባላል። የማርያም ማኅበር በብዙ ቦታ የሴቶች ነው። ከመካከላቸው አንዱ ሙሴ ተብሎ ይመረጣል፤ የነፍስ አባትም አላቸው። ባለ ተራው ድፎ ዳቦ ጋግሮ፣ ጠላ ጠምቆ ይጠብቃል። ካህኑ ባርኮ ከቈረሰ በኋላ ጽዋው ይዞራል፤ በፍጻሜውም መብራት ተይዞ፣ እየተዘመረ ለሚቀጥለው ባለ ተራ ይሰጣል። የዘገየ ይቀጣል። ለእግዚአብሔር እንግዳ የሚሆን ድርሻ ይቀመጣል፤ መንገደኛ ከመጣ ይበላዋል፤ ካልመጣ ለድኻ ይሰጣል።

ይህ ከላይ ሲታይ ግብዣ ነው። በውስጡ ግን ለገበሬው ኑሮ ጽኑ የሆኑ ሦስት አራት ነገሮች ተሸሽገዋል። የተኳረፉ ሰዎች ከአንድ ጽዋ መጠጣት ነውር ስለ ሆነ፣ የድንበር ጠብ ቢነሣ ከወሩ በላይ አይቆይም፤ ሙሴውና የነፍስ አባቱ ከማኅበሩ ቀን በፊት ያስታርቃሉ። የታመመ ማኅበርተኛ ይጠየቃል፤ የሞተ ይቀበራል፤ የልጆቹም እርሻ ጦም አያድርም። ይህ ሁሉ የሚደረገው በምድር ስለሚገኝ ጥቅም ነው ብሎ ማንም አይናገርም። ጠይቁ ብትባሉና ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ «ያን ጊዜ ይቆምልናል» የሚል ነው፤ ያን ጊዜ ማለት የፍርድ ቀን፣ የሚቆመውም ቅዱስ ሚካኤል ነው። ስለ ምድራዊ ጥቅም ቢሆን ኖሮ በአዝመራ መጥፊያ ዓመት ማን ጠላ ይጠምቅ ነበር? ተራው የደረሰበት ድኻ ተበድሮም ቢሆን ያወጣል። የሚመጣው መንግሥት ዕዳ አስከፍሎታል፤ ያው ዕዳ ግን ከዐሥራ አንድ ሰዎች ጋር አስሮታል።

የሴቶቹ ድካም ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል። ጽዋው በወንዶች ስም ቢዞርም ብቅሉን የምታበቅል፣ ጌሾውን የምትወቅጥ፣ ጥንስሱን የምትጠነስስ፣ እንኩሮውን የምታንኮር ሴት ናት፤ ሥራዋም ከማኅበሩ ቀን አንድ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይጀምራል። ተስፋው ዕለታዊ ሆኗል ስንል በእንስራው ሥር ያለውን አተላ ማን እንደሚያጥብም ማሰብ ይገባናል።

ተስፋው ለሁሉም ዕድሜ እኩል አልተደለደለም። ሕፃኑ ይቆርባል፤ ልጁ ዲያቆን ሊሆን ይችላል። ጎልማሳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቁርባን ይርቃል፤ በቁርባን የሚጋባውም ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ቆርቦ መሳሳትን ይፈራል። ሲሸመግል ወይም ስትሸመግል ግን ወደ ቁርባን ይመለሳሉ፤ ባል የሞተባት አሮጊት ቆብ ትጭናለች፤ ልጆቿን አውርሳ በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር በጾምና በጸሎት የምትኖርም አለች። በመካከለኛው ዕድሜ ያለው፣ እርሻና ልጅ ማሳደግ የያዘው ሰው ተስፋውን የሚይዘው በጾሙ፣ በምጽዋቱና በማኅበሩ ነው። ለእርሱ ጽዋው ቁርባን አይደለም፤ ከተስፋው እንዳይለይ የሚይዘው ገመድ ግን ነው ብንል የምንሳሳት አይመስለንም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ተዝካርን ብናልፈው ያየነውን እንደ ደበቅን ይቆጠራል። ለሞተ ሰው በሠልስት፣ በሰባት፣ በዐሥራ ሁለት፣ በሠላሳ፣ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በመንፈቅና በዓመት መታሰቢያ ይደረግለታል፤ ከሁሉም የአርባው ይከብራል። ለአርባው ሲባል የእርሻ በሬ የታረደበት፣ ለዘር የተቀመጠ እህል የተፈጨበት ቤት ብዙ ነው። ተዝካር ያላወጣ ወራሽ በአገር ፊት ይዋረዳልና የሟቹ ነፍስ ሳትሆን የአገሩ ዓይን ያስፈራዋል። እዚህ ላይ ከመምህሮቻችን ነቀፌታ ጋር እንስማማለን። ከማኅበሩ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ማኅበር ወጪውን ለዐሥራ ሁለት ከፍሎ በዓመት አንድ ጊዜ ያደርሳል፤ ተዝካር ግን ኀዘን በገባበት ቤት ላይ ሁሉን በአንድ ቀን ይጭናል። ድኻው ያን ቀን መብላቱ እውነት ነው። በማግሥቱ ግን የድኻ ቁጥር በአንድ ቤተ ሰብ ጨምሮ ይሆናል።

የማኅበሩን ጽናት የሚያሳይ አንድ የቅርብ ጊዜ ነገር እንጨምር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሲሆን የቤተ ክርስቲያን መሬትም አብሮ ተወሰደ፤ በጉልትና በሰሞን መሬት የቆመው ሁሉ ተናጋ። የጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ ግን መሬት አልነበራቸውም። የነበራቸው ተራ ብቻ ነው። ተራን ደግሞ ማን ይወርሰዋል? ስለዚህ አድባራቱ ሲደኸዩ ካህናቱን በእሑድ ሰንበቴ ያበላው፣ የቤተ ክርስቲያኑንም ጣራ ያደሰው በብዙ ቦታ ይኸው ተራ ነው።

በመጨረሻ ከገዛ ቤታችን አንድ ነገር እንናገር። አባታችን በደቡብ ጎንደር የሚኖሩ ገበሬ ሲሆኑ፣ ዘጠኝ ዓመት በሚካኤል ማኅበር ከቆዩ በኋላ የሚስዮኑን ትምህርት ተቀብለው ጽዋውን ተዉ። እኛ ያን ጊዜ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርን። በመንደሩ ጥቂት ቅሬታ ሆነ፤ ተራቸውም ለሌላ ተሰጠ። በሁለተኛው ዓመት በኅዳር አባታችን በወባ ተኝተው ጤፉ ደርሶ መርገፍ ጀመረ። የኅዳር ሚካኤል ከዋለ በማግሥቱ፣ በ13፣ ገና ሳይነጋ ዘጠኝ ሰዎች ማጭድ ይዘው ማሳው ላይ ተገኙ። ደቦ አልተጠራም፤ ወንፈልም አልነበረም። እናታችን ጠላ መጥመቅ ትታ ስለ ነበር እንጀራና ቡና አቀረበችላቸው። ወደ ትምህርት ቤት ተመልሰን ይህን ብንናገር መምህራችን፣ መልካም ጎረቤቶች ናችሁ ማለት ነው፤ ከመልአኩ ጋር ግን አይገናኝም አሉን። ለሙሴው ስንነግራቸው ደግሞ «አባትህ ዘጠኝ ዓመት አብልቶናል፤ ያ የት ይሄዳል?» አሉ።

ከሁለቱ መልሶች የትኛው እንደሚያስኬድ ለማወቅ ማኅበር ገብቶ የማያውቅ ጎረቤት ሲታመም የሆነውን ጠየቅን። አንዱ፣ አጭደንለታል አለን፤ ሌላው ደግሞ፣ የለም፣ እህሉ ረግፎ ቀረ አለን። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ የተራውን መዝገብ ከያዘው ሰው ጋር ተቀምጠን፣ ቢያንስ የዐሥር ዓመቱን፣ ማን ለማን እንዳጨደ ስም በስም ልንጽፍ አስበናል። በሌላ ወረዳ እንዲሁ የሚያደርግ ጓደኛ ብናገኝ ደስ ይለናል።

አባታችን ዛሬም ጽዋ አይጠጡም። ባለፈው በሚያዝያ ሚካኤል ዋዜማ ግን ከጎረቤት ባለ ተራ ደጃፍ ላይ ለዳቦው የሚሆን እንጨት ሲፈልጡ አገኘናቸው። ስለ ምን እንደ ሆነ አልጠየቅናቸውም፤ መጥረቢያ ፈልገን አብረን ፈለጥን።